ቆሞ የሚሄደው የባባ ሰዓት

በበሽታው ዓመት ሰው ሁሉ ቤት ተዘግቶበት አንዳንድ ሙያ ሲማር፣ እኔ መስከት፣ ቁሩም ሰፈር ውስጥ በአንድ አዛውንት ቤት የጥንት ሰዓት አዋቂ ሆንኩ። አዋቂ ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ያለ ሰው የለም። ግን ያኔ ሰው ከሰው ቤት ስለማይገባ፣ አይደለሽም የሚለኝም አልነበረም።

አዛውንቱን ባባ ነበር የምላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። እኔን የቀጠረችኝ ሴት ልጃቸው፣ ማዳም የምላት፣ ከተራራው ወዲያ አል አመራት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ውስጥ እንግዲህ ባባ፣ እኔና አሥራ አራት ሰዓቶች ነበርን።

ባባ ሰዓት ይሰበስባሉ። የመጅሊሱ ግድግዳ፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ክፍል ማለቴ ነው፣ ሰዓት በሰዓት ነው። ከቦምቤይ የመጣ አለ፣ ከመርከብ ላይ የተነቀለ አለ፣ ወፍ የሚወጣበትም አለ። እኔ ያደግሁት ከሚሴ አጠገብ አንድም ሰዓት በሌለበት ቤት ነው፤ አባቴ ጥላ ያያል፣ እናቴ አዛን ትሰማለች፣ እኔ ደግሞ ሲርበኝ አውቃለሁ። የገባሁ ዕለት ያን ሁሉ ሰዓት ሳይ ለጓደኛዬ ደውዬ፣ "ሰውዬው ይሄን ሁሉ ቀጠሮ ከማን ጋር ነው ያላቸው?" ብያታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጧት ባባ ከመኝታ ቤታቸው ሆነው "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብለው ተጣሩ።

"ሦስት ሰዓት!" አልኩ በዐረብኛ።

ወዲያው አፌን ያዝኩ። በዚህ ነገር ከዚያ በፊት ጉድ ሆኛለሁ። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት "ስድስት ሰዓት ቀስቅሺኝ" ያለችኝን እመቤት በቀትር ቀስቅሼ ከሥራ አስቀርቻታለሁ። እንዳገሬ ቆጥሬ ነበር። አሁንም ስድብ ልቀበል ተዘጋጅቼ ቆምኩ። ባባ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ምን አልሽ?"

"ይቅርታ ባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"እሱን አይደለም። መጀመሪያ ያልሽውን።"

"ሦስት።"

"ሳ ታቱ!" አሉና ሳቁ፤ ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። ለካ ዛንዚባር ነው የተወለዱት። እዚያ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። "እናቴ መስከት መጥታም እስክትሞት በዛንዚባር ሰዓት ነው የኖረችው። ከሷ በኋላ በዚህ ቤት ጧት ላይ ሦስት ሰዓት ነው ያለ ሰው አልነበረም" አሉኝ። ወስደውም የእናታቸውን ሰዓት አሳዩኝ። ጥቁር የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያለች፣ ከሥሯ ዘንግ የሚወዛወዝላት፣ በየሰዓቱና በየግማሹ የምትደውል የግድግዳ ሰዓት ናት። ከአሥራ አራቱ በዛንዚባር ሰዓት የምትሄደው እሷ ብቻ ናት። ለእናታቸው አንዲት የቤተ መንግሥት ልዕልት የሰጠቻቸው ናት አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ባባ የራሳችን ሰዓት ነበረን። ማዳም ስትመጣ ወደ እሷ ሰዓት እንመለሳለን፤ ስትሄድ ወደ እኛው። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማወራቸው።

ሰዓቶቹን የሚንከባከበው ሩዊ ከሚባለው ሰፈር የሚመጣ አንድ ህንዳዊ ጠጋኝ ነው። በየሐሙሱ መጥቶ ሁሉንም በየቁልፋቸው ይሞላል። የእናትየዋን ሰዓት ግን ከሱ በስተቀር ማንም አይነካትም። ባባ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እንዳይነኳት፣ እኔ ደግሞ እኔ ስለሆንኩ እንዳልነካት ታዘናል።

ከዚያ በሽታው መጣ። መስጊድ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ማዳምም አባቷን እንዳታሲዝ ፈርታ አስቤዛውን በር ላይ አስቀምጣ በመኪናዋ መስኮት እጇን እያወዛወዘች መመለስ ጀመረች። ጠጋኙም ቀረ። በስልክ በቪዲዮ ደውሎ አሥራ ሦስቱን እንዴት እንደምሞላ አስተማረኝ። "ቀስ በይ። ሞላው ሲጠነክርብሽ አቁሚ። የእማማን አትንኪ፣ ከመዘጋቱ በፊት ሞልቻታለሁ፣ ሁለት ሳምንት ትሄዳለች፣ እስከዚያ እመጣለሁ" አለ። ሁሉም ሰው ያኔ "እስከዚያ" ይል ነበር።

ገና በመጀመሪያው ሐሙስ ከኔ በላይ ሰዓት የሚያውቅ የለም ብዬ አመንኩ። ሰዓት ከመሙላቴ በፊት እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ የባባን ማንበቢያ መነጽር አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ፣ ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠግቼ "እህም" እላለሁ። በመነጽሩ ምንም አይታየኝም። የማደርገው ጠጋኙ ስለሚያደርግ ነው።

ዝናዬ ከቤት አልፎ አል አመራት ደረሰ። ጓደኛዬ እዚያ አንድ ቤት ትሠራለች፤ በዋትሳፕ ስለሰዓት ሳወራላት ሰንብቼ፣ አንድ ቀን የእሷ ቤት ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ ሰዓት ፎቶ ላከችልኝ። "ስንት ያወጣል?" አለች። ክብ ነው፣ ዙሪያው ናስ ይመስላል፣ ፊቱ ወደ ቢጫ ሄዷል። አሰፋሁት፣ አጠበብኩት፣ መነጽሬን አደረግሁ።

"ወላሂ እኅቴ፣ ይሄ መቶ ዓመት አልፎታል። የእንግሊዝ ነው። በደረቅ ጨርቅ እንጂ በውኃ እንዳትነኪው" አልኳት በድምፅ።

ልጅቷ አመነችኝ። ሦስት ቀን አጠገቡ ስትደርስ በእግር ጣቷ ነበር የምትሄደው። በአራተኛው ቀን ባትሪው አልቆ አሠሪዋ አውርደው ሲገለብጡት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበበችልኝ። ወጠያ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ የመኪና መሸጫ፣ መኪና ለገዛ ሰው በስጦታ የሚሰጠው ነው። ስልክ ቁጥሩም አለበት። "ደውዬ መቶ ዓመት ሞልቷችኋል ወይ ልበላቸው?" አለችኝ። እኔ ግን አልተማርኩም፤ ፎቶው ጥራት የለውም ብዬ በእሷ አሳበብኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ማዳም በየቀኑ እየደወለች "ሁሉንም ነገር ጥረጊ፣ የበር እጀታ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁሉንም" ትለኛለች። ጀርም መግደያውን ይዤ ቤቱን ስጠርግ አንድ ጧት የእናትየዋ ሰዓት ዘንድ ደረስኩ። አትንኪ ተብያለሁ። ግን ጀርም አትንኪ የተባለ ቦታ አይገባም ያለ ማን ነው? ደግሞ አሁን አዋቂ ነኝ። ሳጥኗን ከሥር ትንሽ ገፋ አድርጌ ከኋላዋ ያለውን አቧራ ጠረግሁ፣ መለስኳት፣ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ ዝም ብላለች። ዘንጓ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አራት ሰዓት ከሃያ።

ዘንጉን በጣቴ ገፋሁት፤ ቱክ፣ ቱክ፣ አለና ቆመ። የልዕልት ሰዓት ገደልኩ። ያውም በጀርም መግደያ።

ለባባ መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን አንድ የድሮ ጓደኛቸው በበሽታው ሆስፒታል ከገቡ ገና ሁለት ቀናቸው ነው፤ ባባ መቁጠሪያቸውን ብቻ ይዘው ነው የሚውሉት። ዛሬ አይሆንም፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እስከዚያ ድረስ... አያችሁ፣ እኔም "እስከዚያ" አልኩ።

ባባ አዛን በሰሙ ቁጥር ወደ መጅሊስ ገብተው የእናታቸውን ሰዓት ቀና ብለው ያያሉ፤ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አዛን ሁለት ደቂቃ ቀደም ብዬ ስልኬን አይቼ ገብቼ፣ መስታወቱን ከፍቼ፣ ቆጣሪዎቹን በጣቴ ወደ ትክክለኛው ሰዓት እገፋለሁ። መስታወቷ ከጎን በጥፍር የምትነካ ትንሽ መቀርቀሪያ አለቻት፤ እሷን ለማግኘት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ስገፋት ያለፈውን ሰዓት ሁሉ ትደውላለች፤ ግን ባባ እንግዳ ከቀረ ወዲህ ቤት ውስጥ የጆሮ መስሚያቸውን ስለሚያወልቁ አይሰሙም። መስጊዱ ቢዘጋም አዛኑ አልቀረም፤ የሚሰሙትም ሚናሬው ከአጥራችን ጥግ ስለሆነ ነው። ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ "ማሻ አላህ፣ ልክ ናት" ይላሉ።

በቀን አምስት ጊዜ። የሰው ልጅ ሰዓት ይዞ ይዞራል፤ እኔ ሰዓቱን ራሴ ይዤ አዞርኩት። ድስት እሳት ላይ ጥዬ እሮጣለሁ። ሽንኩርት በያዘው እጄ ገፍቼ ያውቃል።

በአራተኛው ቀን ተአምር ሆነ። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አድርጌያት ወጣሁ። ባባ ምሳ በልተው ተኙ። ኩሽና ዕቃ ሳጥብ ከመጅሊስ ደወል ሰማሁ። አንድ። ከዚያ ሰባት። ከዚያ አንድ። ከዚያ ስምንት። እየሮጥኩ ገባሁ። ባባ ሶፋቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰዓቷ ልክ ስምንት ሰዓት ትላለች።

"ትሠራለች" አሉ ባባ፣ ሳልጠይቃቸው።

"ትሠራለች፣ ባባ" አልኩ እኔም።

ዳነች! አልኩ በልቤ። የተኛችበትን ሰዓት ሁሉ ባንድ ጊዜ ደወለች፤ ያመለጠውን ሶላት ኋላ ሰግዶ ቀዷ እንደሚያወጣ ሰው። ግን ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ስገባ እዚያው ስምንት ሰዓት ላይ ቆማለች። በቃ፣ ያገገመ በሽተኛ ናት፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ይደክማታል፣ ታርፋለች አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። ጧት ካቆምኩበት ወደፊት ሄዳ አገኛታለሁ፣ ግን ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ሳያት ቆማለች፤ ዞር ስል ሄዳለች። አንድ ሁለት ቀን ጂን ነው ብዬ ከቁርኣን አያተል ኩርሲ ቀርቼባታለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደወሏ ተበላሸ፤ አራት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ትደውላለች። እሱንም የሕመሙ ቅሪት ነው አልኩ። ለጓደኛዬ "አሁን ቀሏታል" ብዬ ስጽፍላት "ማን ታሞ?" ብላ ደንግጣ ደወለችልኝ።

እንዲህ እያልን ሦስት ወር አለፈ። የባባ ጓደኛ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ባባ ልጃቸውን በስልክ "እኔ እያለሁ የቤቱ ዕቃ ምን ምን እንደሆነ ይታወቅ። ኋላ እንዳትጨቃጨቁ" አሏት። ማዳም እያለቀሰች ተቆጣቻቸው፣ ግን እሳቸው ኻላስ፣ በቃ፣ ካሉ ኻላስ ነው። ውጭ አገር የሚኖር፣ የጥንት ሰዓት ዋጋ የሚገምት ሰው አገኘች። ሰውዬው በቪዲዮ ሊያይ ተስማማ።

የቀጠሮው ቀን ማዳም ማስክ አድርጋ ግቢ ውስጥ ከመጅሊሱ መስኮት ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የገማቹን እንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ የምትመልሰው እሷ ናት። ባባ መስሚያቸውን አድርገው ሶፋ ላይ፣ እኔ ስልኩን ይዤ መሃል። ነጭ ጓንት ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ማንም አድርጊ አላለኝም።

ከአሥራ ሦስቱ ጀመርን። ወርቅ ቅቡን፣ መላእክት የተቀረጹበትን ትልቁን መጀመሪያ አቀረብኩ፤ እኔ ብሆን ከሁሉ የምወስደው እሱን ነው። ገማቹ ጀርባውን አሳዪኝ አለ። አሳየሁ። "በቅርብ ጊዜ የተሠራ ቅጂ ነው፣ ለጌጥ ጥሩ ነው" አለ። ቀጥሎ፣ ቀጥሎ እያለ ሄደና ጥግ ላይ ያለችውን ሳህን የምታክል የመርከብ ሰዓት ሲያይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ይህችን ከብርሃን አቅርቢልኝ።" አቀረብኩ። "ይህች ከሁሉም ትበልጣለች። በደንብ ተይዛለች?" ማዳም ስትተረጉምልኝ ጆሮዬ ጋለ። አስቀያሚ ናት ብዬ ሦስት ወር ሙሉ የወፉን ሰዓት መሙያ ቁልፍ ማስቀመጫ አድርጌያት ነበር።

መጨረሻ ላይ የእናትየዋ ደረሰች። ባባ ብድግ አሉ። ታሪኩን ተናገሩ፤ ዛንዚባር፣ ልዕልት፣ እናታቸው። ገማቹ በትዕግሥት ሰማ።

"ስትሄድ ድምፅዋን ልስማ" አለ።

ስልኩን አስጠጋሁ። ጸጥ አለ። ግቢው ውስጥ ቁራ ጮኸ።

"እያረፈች ነው" አሉ ባባ።

"በብዛት የምትሄደው ሰው ሳያያት ነው" አልኩ እኔ።

ማዳም ይህን አልተረጎመችም። በመስኮቱ እኔንም አባቷንም አየችን።

"እሺ" አለ ገማቹ፣ "ቢያንስ ደወሏን ልስማ። ቆጣሪውን አንድ ሰው ወደ ሙሉ ሰዓት ይግፋልኝ።"

እኔ ስልኩን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። በዚያው ቅጽበት የባባም እጅ መጣ። ሁለታችንም ጥፍር ወደምታህለው መቀርቀሪያ፣ ሳናይ፣ እንደለመደ ሰው። ጣታችን ተጋጨ።

ባባ እጄን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

"ይህችን መቀርቀሪያ ማን አሳየሽ?"

እጄን ሰበሰብኩ።

"እኔ አላሳየሁሽም።"

"ባባ..." ብዬ አለቀስኩ። በለቅሶ መሃል ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጀርሙን፣ አቧራውን፣ አራት ሰዓት ከሃያውን፣ በቀን አምስት ጊዜውን። "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ አፉ በሉኝ።"

ባባ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ይስቃሉ።

"ያን ዕለት ከሱብሒ ሶላት በኋላ እኔ ሞልቻት ነበር" አሉ። "ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ ነው፣ ትቆማለች ብዬ ፈራሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አብዝቼ አጠነከርኩት። ቆማ ሳገኛት ሞላውን ሰበርኩት አልኩ። አንቺ ለልጄ ትነግሪያለሽ ብዬ በየቀኑ ስትወጪ እየጠበቅሁ እገፋታለሁ። አንዳንዴ አሳልፌያት ወደ ኋላ እመልሳታለሁ።"

"ወደ ኋላ አይመለስም እኮ፣ ባባ! ደወሏ የተበላሸው ለዚያ ነው!" አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ፤ አዋቂነቴ እዚህም አልተወኝም።

"ምን እየሆነ ነው?" አለ ገማቹ ከስልኩ ውስጥ።

"ማፊ ሙሽኪላ" አሉት ባባ፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ሰውዬው ዐረብኛ አይችልም።

ገማቹ ውስጧን በስልኩ መብራት ካየ በኋላ ፍርዱን ሰጠ። የጀርመን ፋብሪካ ሥራ ናት፣ ዕድሜዋ እውነት ነው፣ ግን በየወደቡ ባሉ የህንድ ሱቆች ለማንም ገዢ የምትሸጥ ነበረች፤ ብዙ እኅቶች አሏት፣ ዋጋዋም መካከለኛ ነው። ልዕልቶች እንዲህ ያለ ሰዓት አይሰጡም አለ። ማዳም ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ቀስ እያለ ሄደ። እኔም የልዕልት ሰዓት ያለበት ቤት እሠራለሁ እያልኩ ስንት ሰው ላይ እንደተኩራራሁ እያሰብኩ ጓንቴን አወለቅሁ።

ባባ ቀና ብለው ሰዓቷን አዩ። "እናቴ ልብስ እየሰፋች ነበር የምታሳድገን" አሉ። "ለሰዓት የሚሆን ብር ከየት አመጣሽ እንዳይላት አባቴን ፈርታ ነው እንግዲህ፤ ልዕልት ሰጠችኝ አለችው። እሱም አመነ፣ እኔም አመንኩ። ሰባ ዓመት!" ከዚያ እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ግን እንባም ነበረበት።

ጠጋኙ መምጣት የቻለው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ማስኩን አድርጎ ገባ፣ ሁለታችን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ግራና ቀኝ ቆምን። ሳጥኗን አልከፈተም። ራቅ ብሎ አያት፣ አንገቱን ዘመም አደረገ፣ ቀረበና ከሥሯ በአንድ ጣቱ ወደ ግራ ገፋት። ዘንጉን ነካው። ቱክ፣ ታክ፣ ቱክ፣ ታክ፤ አላቆመችም።

"ተጣምማ ነበር" አለ። "ግድግዳው ላይ ቀጥ ካላለች አትሄድም።"

"ሞላው?" አሉ ባባ።

"ሞላው ደህና ነው። እንዲያውም በደንብ ተሞልቷል።" ደወሏን ለማስተካከል ግን አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ "ማነው ወደ ኋላ ያዞራት?" ሲል ባባ መስሚያቸውን አወለቁ።

ሦስት ወር፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ እሳቸው ያደረጉትን ሳልቆጥር። የጣት ግፊት ነበር የሚያስፈልጋት፣ ያውም ሰዓቷን ሳይሆን ሳጥኗን።

ያን ምሽት ማዳም ቤት ውስጥ ገብታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁሉን እያወቀች ለአንዱ ወንድሟ ደውላ "ሰዓቷ በራሷ ድና አገኘናት፣ ጠጋኙ እንኳ የነካው ነገር የለም" ስትለው ሰማሁ። ባባ ከጎኗ "ሱብሐነላህ" እያሉ በከባድ ፊት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ኩሽና ብርጭቆ እያጠብኩ ሳቁ አምልጦኝ ሄደና ብርጭቆው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

"ምንድን ነው?" አለች ማዳም ከሳሎን።

"ብርጭቆ ነው፣ ማዳም! እኔ ነኝ የሰበርኩት!" አልኩ፣ ስብርባሪው መሬት ላይ መንከባለሉን ሳይጨርስ።